‹‹ቤቶች!›› ሳይሉ መግባት

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ወተት የበዛበት ቸኮሌት የመሰለ ውሃ ደረጃ በደረጃ ከተቆረጠ ገደል ላይ ሲወርድ ያሳያል። ከሥሩ ‹‹ማንም የማያውቀው የአሪዞና ምስጢር›› ተብሎ ተጽፏል። ማንም የማያውቀውን ምስጢር ያን ዕለት ከእኛ በፊት ብዙ ሺህ ሰው ‹‹ላይክ›› አድርጎት ነበር። እኛም አደረግን። ከዚያም አራት ሆነን፣ ድፎ ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ከኋላ ጭነን፣ በአንድ የመጋቢት ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ከፊኒክስ ተነሳን።

ፏፏቴውን አላየነውም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ለማየት ስንሞክር መኪና ውስጥ ስለተነሳው ጭቅጭቅና በጭቅጭቁ መሐል ስለሰማናቸው (አንዳንዶቹንም ራሳችን ስለተናገርናቸው) አሳፋሪ ክርክሮች ነው። ጭቅጭቁ የአራት ጓደኛሞች ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አደባባይ ላይ አናወጣውም ነበር። ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ከፊኒክስ፣ ከላስ ቬጋስና ከሎስ አንጀለስ እየተጠራራን ወደ በረሃው የምንወጣ የሐበሻ ልጆች ብዙ ነን። የምንይዘው ስልክ፣ የምንለጥፈው ፎቶ፣ የምንደረድረው ሰበብ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ገመናችንን እናውጣው።

ቦታው

ፏፏቴው ግራንድ ፎልስ ይባላል። ከፍላግስታፍ ከተማ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ በናቫሆ ሕዝብ ምድር ውስጥ ይገኛል። ባለቤቶቹ በቋንቋቸው አዳሂሊኒ ይሉታል። ከፍታው 56 ሜትር አካባቢ ነው። አሻሻጮቹ ‹‹ከናያጋራ ይበልጣል›› ይላሉ፤ እውነቱ ግን ከናያጋራ ትልቁ ፏፏቴ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ከእኛው ጢስ ዓባይ ግን ይረዝማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አፈጣጠሩ ደስ ይላል። ሊትል ኮሎራዶ የሚባለው ወንዝ ድሮ በራሱ ሸለቆ ውስጥ ይሄድ ነበር። ሜሪያም ክሬተር ከሚባለው ተራራ አካባቢ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ተፋ። ቅልጡ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ፈስሶ ሸለቆው ውስጥ ገባና ሞላው። ተመራማሪዎች ይህን ወደ 20 ሺህ ዓመት ግድም ወደ ኋላ ይወስዱታል። ወንዙ መንገዱ ሲዘጋበት የረጋውን ድንጋይ ዞሮ ሄደና ከጎን ካለው ገደል ላይ ወደ ቀድሞ ሸለቆው ወረደ። ፏፏቴው የተወለደው እንዲህ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ግን አይወርድም። ወንዙ የሚነሳው በምሥራቅ አሪዞና ካሉት ዋይት ማውንቴንስ ከሚባሉት ተራሮች ነው። የእነሱ በረዶ በመጋቢትና በሚያዝያ ሲቀልጥ ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያገሩ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደራሽ ውሃ ይመጣል። በተረፈ ደረቅ ገደልና ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ደለሉ ነው፤ ውሃው በረሃውን ሲያቋርጥ ያገኘውን አፈር ጠርጎ ይዞ ይመጣል። በክረምት ዓባይን ያየ ሰው ይህ ቀለም አያስገርመውም።

ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው ወቅታዊነቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ፏፏቴ ጎብኚው በአሥራ ሁለቱ ወር ላይ ይበተናል። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚወርድ ግን ሰዉን ሁሉ በነዚያ ጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ያከማቻል። ‹‹ሳያመልጣችሁ!›› የሚል ፎቶ ይወጣል፤ መኪናው ይንጋጋል። የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ለነዋሪውና ለበጎቹ የተጠረገ የአፈር መንገድ ነው። አፈሩ በመኪና ብዛት ሲቦረቦር መንገዱን ትቶ በግጦሹ መሬት ላይ የሚነዳው ይበዛል። የተበላበትና የተጠጣበት እዚያው ይቀራል።

በ2023 የናቫሆ ሕዝብ ፏፏቴውን ለጎብኚ ዘጋው። ቆሻሻው፣ የመሬቱ መጎዳትና የነዋሪው አለመከበር በዝቶ ነበር።

ሰሌዳው

መዘጋቱን የሰማነው እዚያ ስንደርስ ነው ብንል ደስ ባለን፤ ውሸት ይሆንብናል። ከአራታችን ሁለታችን ከመነሳታችን በፊት አንብበን ነበር። ‹‹ዝግ ነው ይላል፤ ግን ሰው ይሄዳል አሉ›› ተባባልን። ‹‹አሉ›› ለምትባለዋ ቃል የማንጥለው ሸክም የለም።

አስፋልቱ አልቆ የአፈሩ መንገድ ሲጀምር ሰሌዳው ቆሟል። ዝግ ነው ይላል። ኬላ የለም፣ ሰንሰለት የለም፣ ፖሊስ የለም። ከሰሌዳው ባሻገር ደግሞ ትኩስ የጎማ ዱካ ይታያል።

‹‹እና?›› አለ ሹፌራችን፤ ሞተሩን አላጠፋም።

‹‹ይሄን ሁሉ ነድተን?›› አለች ከኋላ የተቀመጠችው።

‹‹ማን ያየናል? ደግሞ እኛ ቆሻሻ አንጥልም።››

‹‹የሰው ግቢ ቢሆን እንዲህ ትገቡ ነበር?›› አለች አራተኛዋ።

‹‹ምን ግቢ አለ፤ በረሃ እኮ ነው!››

ይህን እያልን ከዚያው ከአፈሩ መንገድ አንድ አሮጌ ፒካፕ አቧራውን እየጎተተ መጣ። ከኋላው ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር ተጭኗል፤ ባዶ መሆኑ ከመንገጫገጩ ያስታውቃል። ውሃ ሊቀዳ መውጣቱ ነው። የሚነዱት ሽማግሌ ሰው ናቸው። እጃቸውን ከመሪው ሳያነሱ በአንድ ጣታቸው ሰላምታ ሰጡን፤ ሰሌዳውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ አለፉ። አልተቆጡም፤ ምንም አላሉም።

ሹፌራችን መኪናውን አዞረ። ‹‹ሕሊናችን መለሰን›› ብለን ልንኮራበት አንችልም። አፍረን ነው የተመለስነው። ሰውየው ባይመጡ ኖሮ እንገባ ነበር ብለን እንጠረጥራለን። ለዚህ ነው ክርክሮቻችንን ተራ በተራ አውጥተን መመርመር ያስፈለገን።

‹‹በረሃ ነው››

በረሃ ነው ማለት ሰው የለውም ማለት ነው። ይህ አባባል በዚያ ምድር ረጅም ታሪክ አለው። በ1864 የአሜሪካ ጦር የናቫሆን እርሻና የኮክ ተክል አቃጥሎ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በእግራቸው እየነዳ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቦስክ ሬዶንዶ ወደሚባል ቦታ አጋዛቸው። ብዙዎች በመንገድም በግዞትም አለቁ። ሰኔ 1 ቀን 1868 ውል ተፈራርመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሬ የናቫሆ ምድር በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ70 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ግዛት ነው። የራሱ ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አለው።

ቤቶቹ ተራርቀው መሠራታቸው ለእኛ ባዶነት ሆኖ ታየን። በጎቹ ግን በደረቅ መሬት ላይ ለመኖር ስፋት ይፈልጋሉ። ይህን ለአፋር ወይም ለቦረና አርብቶ አደር ብትነግሩት ‹‹ታዲያስ!›› ይላችኋል። የማይገባው ለእኛ ለከተማ ልጆች ነው። አጥር የሌለው ነገር ሁሉ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። አገራችንም ሳለን እንዲሁ ነበርን፤ በአዋሽ መንገድ በአውቶቡስ ስናልፍ የሰውን ግጦሽ ‹‹ባዶ መሬት›› እያልን ነው ያደግነው። ይህን ዓይን ነው በሻንጣችን ይዘን አሪዞና የገባነው።

የሰሌዳው ዕለት በስተ ምዕራብ በኩል ሳን ፍራንሲስኮ የሚባሉት ተራሮች በረዷቸውን ለብሰው ይታዩ ነበር። ለናቫሆዎች ከአራቱ ቅዱሳን ተራሮች የምዕራቡ ይህ ነው። ለሆፒዎችም ለሌሎችም ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ነው። በዚህ ተራራ ላይ ያለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ከተጣራ የከተማ ፍሳሽ ሰው ሠራሽ በረዶ ለመሥራት ጠየቀ። ሕዝቦቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2008 ተረቱ፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳያቸውን አላይም አለ። ከ2012 ጀምሮ በረዶው ይረጫል። አንድ ሰው መጥቶ የጸበላችን ምንጭ ላይ የተጣራ ፍሳሽ ልርጭ፣ ‹‹ንጹሕ ነው፣ ላቦራቶሪ አይቶታል›› ቢለን ምን እንደምንለው መገመት አያቅትም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ያደግነው ‹‹ቤቶች!›› በሚባልበት አገር ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ቢከፈትም፣ የዘመድ ቤት ቢሆንም፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹‹ቤቶች!›› ይባላል። ‹‹ግቡ›› እስኪባል ይጠበቃል። መልስ ከሌለ ‹‹የሉም መሰለኝ›› ተብሎ ይኬዳል። መልስ አጥቶ ጓዳ ድረስ ዘልቆ የሚገባን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው ሁላችንም እናውቃለን። የናቫሆዎቹ ሰሌዳ ከዝምታም በላይ ነው፤ ገና ሳንጣራ የተሰጠን መልስ ነው። እና ይህን ሁሉ ሥርዓት ከእናታችን የተማርን ልጆች ሰሌዳ ፊት ስንቆም ‹‹ማን ያየናል?›› አልን።

‹‹ገንዘብ እናመጣላቸዋለን››

ይህ ክርክር ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። ቤንዚን የሞላነው ፍላግስታፍ ነው። ቁርስ የበላነው ፍላግስታፍ ነው። ሆቴል ብናድር ኖሮ የምናድረው ፍላግስታፍ ነበር። ግራንድ ፎልስ ክፍት በነበረበት ጊዜም በር ላይ ቆሞ የሚያስከፍል አልነበረም። ስለዚህ ገብተን ቢሆን ኖሮ ለቦታው ባለቤቶች የምንተውላቸው አቧራ ብቻ ነበር።

ናቫሆዎች ቱሪስት አይወዱም ማለት ግን አይደለም። ከፔጅ ከተማ አጠገብ ያለው አንቴሎፕ ካንየን የእነሱ ነው፤ በዓለም ላይ በጣም ፎቶ ከሚነሱ ሸለቆዎች አንዱ ነው። በአስጎብኚ ይገባል፣ ይከፈላል፣ የአካባቢው ሰው ይቀጠርበታል። እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቅ ሕዝብ እንዴት እንደሚዘጋም ያውቃል።

ትልቅ ገንዘብ መጥቶላቸውም ያውቃል። ሊትል ኮሎራዶ ከትልቁ ኮሎራዶ ጋር በሚገናኝበት፣ ለብዙ ነባር ሕዝቦች ቅዱስ በሆነው ቦታ፣ ኤስካሌድ የሚባል የመዝናኛ ፕሮጀክት ታቀደ። ጎብኚውን በገመድ እየተንጠለጠለ በሚሄድ ተሽከርካሪ ወደ ግራንድ ካንየን ሥር ያወርዳል፤ ሥራም ይፈጥራል ተባለ። ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2017 የናቫሆ ምክር ቤት 16 ለ2 በሆነ ድምፅ ጣለው። ሥራ አጥነት ባለበት አገር ለሥራ ‹‹አይሆንም›› ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ በኋላ እኛ በአንድ የዳቦ ጉዞ ‹‹ገንዘብ እናመጣላቸዋለን›› ብንል ያስቃል።

እነሱ ውሃ ሊቀዱ፣ እኛ ውሃ ልናይ

የፒካፑ ታንከር ከዓይናችን አልጠፋም። በናቫሆ ምድር ካሉት ቤተሰቦች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ቤታቸው ውስጥ የቧንቧ ውሃ የላቸውም። ውሃ የሚቀዱት ከሩቅ ነው፤ በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ቤንዚን። ይህ የሆነው በዓለም ሀብታም በሆነው አገር ነው፤ ፊኒክስ የጎልፍ ሜዳ ከሚያጠጣበት ከዚያው ግዛት ማለት ነው።

ይህ የሆነው በረሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት ወረቀትም አለበት። በናቫሆ ምድር ምዕራባዊ ክፍል ከሆፒዎች ጋር በነበረ የመሬት ክርክር ሰበብ በ1966 የፌዴራሉ መንግሥት ልማት አገደ። በእገዳው ክልል የሚኖር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ አዲስ ቤት መሥራት ቀርቶ ጣሪያውን መጠገን፣ የውሃና የመብራት መስመር ማስገባት አይችልም ነበር። እገዳው በሕግ የተሻረው በ2009 ነው። ከ40 ዓመት በላይ። አንድ ትውልድ ጣሪያው እያፈሰሰ አደገ።

ሰኔ 22 ቀን 2023 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ወሰነ። ናቫሆዎች ‹‹የ1868ቱ ውል ለኑሮ የምትበቃ አገር ሰጥቶናል፤ ያለ ውሃ አገር የለም፤ ስለዚህ መንግሥት የውሃችንን ጉዳይ አጥንቶ መፍትሔ ይፈልግልን›› ብለው ከሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ‹‹ውሉ መንግሥትን እንዲህ ያለ ግዴታ ውስጥ አያስገባውም›› አለ። ግራንድ ፎልስ የተዘጋውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በሕግ አይገናኙም። ግን ባንድ ዓመት ውስጥ ‹‹ውሃችሁን ልናስገኝላችሁ አንገደድም›› የተባለ ሕዝብ ‹‹እንግዲያው ውሃችንን አታዩም›› ቢል ማን ይፈርድበታል?

እኛ እኮ ይህን የምንረዳ ሰዎች ነን። ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ያደገ፣ ሌሊት ‹‹ውሃ መጣ!›› ሲባል ከእንቅልፉ ተነስቶ ባልዲ የደረደረ ልጅ ውሃ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ያኔ ያንን ሰልፋችንን ካሜራ ይዞ መጥቶ ‹‹ቀለሙ እንዴት ያምራል›› የሚለንን ሰው አንወደውም ነበር። ዛሬ ግን ካሜራው የእኛ ሆኗል።

‹‹ካልታየ ማን ይጠብቀዋል?››

ይህች የተማረው ሰው ክርክር ናት። ሰው ቦታውን ሲያይ ይወደዋል፤ ሲወደው ይጠብቀዋል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤትም እንዲህ ዓይነት ነገር ነው ያስተማረን፤ ብርሃን ይብራበት፣ ሕዝብ ይወቀው። ለሙስና እውነት ነው። ለፏፏቴ ግን እንጃ።

ማስረጃችን ከቤታችን ነው። ጢስ ዓባይን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ በየኪሳችን ገብቷል። በፖስት ካርድ፣ በካላንደር፣ በየሆቴሉ ግድግዳ ነበር። ከዚህ በላይ የታየ ፏፏቴ የት ይገኛል? ሆኖም በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲከፈት ውሃው በቦይ ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ሄደ። ፏፏቴው ከክረምት ውጪ ጠብ ጠብ የሚል ገደል ሆነ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ መውሰድ ጀመረ። መብራት አያስፈልግም ነበር አላልንም፤ እኛም ያነበብነው በዚያው መብራት ነው። የምንለው፣ ሚሊዮን ሰው ማየቱ ፏፏቴውን አላዳነውም። ‹‹ይታይ›› ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ጥበቃ የሚሆነው ‹‹አይሆንም›› የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ሲኖር ነው። በግራንድ ፎልስ ያ ሰው አለ። ‹‹አይሆንም›› ሲለን ተበሳጨን።

መታየት ራሱም ያቆስላል። ከፔጅ አጠገብ ሆርስሹ ቤንድ የሚባል የኮሎራዶ ወንዝ እጥፋት አለ። ድሮ የአካባቢው ሰውና ጥቂት መንገደኛ ብቻ ነበር የሚቆሙበት። የስልክ ፎቶ ዘመን መጣና በ2010ሮቹ መጨረሻ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይጎርፍ ጀመር። የገደሉ አፍ ላይ የብረት አጥር መጣ፣ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ መጣ፣ በ2019 የማቆሚያ ክፍያ መጣ። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ‹‹ማንም የማያውቀው›› በሚል ፎቶ ነው።

‹‹ማንም የማያውቀው›› ራሱ ስድብ ነው። አዳሂሊኒ ብለው ስም ያወጡለት፣ በጎቻቸውን አጠገቡ ያሳደጉት ሰዎች ‹‹ማንም›› ናቸው ማለት ነው። ጄምስ ብሩስ ወደ ዓባይ ምንጭ መጥቶ ‹‹አገኘሁት›› ሲል የሳቅን ሰዎች፣ ‹‹እዚያ የነበሩት ገበሬዎችስ?›› ብለን የጠየቅን ሰዎች፣ ዛሬ በስልካችን ትናንሽ ብሩሶች ሆነናል።

‹‹ሕግ ታበዛላችሁ››

ነሐሴ 12 ቀን 1997 በታችኛው አንቴሎፕ ካንየን ውስጥ ጎብኚዎች ነበሩ። እነሱ ካሉበት ላይ ያን ያህል ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። ደራሹ ውሃ በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ መጥቶ 11 ሰዎችን ገደለ። የተረፈው አስጎብኚው ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መግባት አይቻልም፤ የእንጨት መሰላሎቹም በብረት ተተክተዋል። ‹‹ለምን ብቻዬን አልገባም?›› እያልን የምናጉረመርምበት ሕግ ሰው የሞተበት ሕግ ነው።

ሊትል ኮሎራዶም የዚያው ዓይነት ውሃ ነው። ደረቅ ይመስላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ውሃው ግን ትናንት በሌላ ተራራ ላይ የዘነበ ነው። በጭቃው የተያዘ መኪና ጎትቶ የሚያወጣው ማን ነው? ቆስሎ የወደቀ ሰው አንስቶ የሚሮጠው ማን ነው? ያው ውሃ ሊቀዱ የወጡት ሽማግሌ ናቸው።

አንድ እውነት ያለው ክርክር

ሁሉንም ክርክር ከንቱ አንልም። ‹‹በሌላው ጥፋት እኛ ለምን እንቀጣ?›› የምትለዋ ውስጥ እውነት አለ። ቆሻሻቸውን ሰብስበው የሚሄዱ፣ ነዋሪውን ሰላም ብለው የሚያልፉ ጎብኚዎች ነበሩ። ለነሱ መዘጋቱ ያሳዝናል፤ እኛም አዝነናል። ያንን ቡናማ ውሃ፣ ድምፁንና ከሥሩ የሚነሳውን ጭጋግ ማየት ፈልገን ነበር። አሁንም እንፈልጋለን።

ግን ቅጣት የሚባለው መብትህን ሲነጥቁህ ነው። የሰው ግቢ ውስጥ መግባት መብት አልነበረም፤ መልካም ፈቃድ ነበር። መልካም ፈቃድ ሲያልቅ ‹‹ተቀጣሁ›› አይባልም። ቆሻሻ የማይጥለውን ከሚጥለው መለየት ደግሞ የነዋሪው ሥራ አይደለም። በግ የሚጠብቅ ሰው የእኛን ጨዋነት ሲመረምር እንዲውል አንጠብቅ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሰሌዳው ጋ ከዞርን በኋላ ወደ ቤት አልተመለስንም። በ89 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ወጥተን ካሜሮን ደረስን፤ ከዚያ በ64 ቁጥር መንገድ ወደ ግራንድ ካንየን አቅጣጫ ታጠፍን። መንገዱ ዳር ናቫሆዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የሊትል ኮሎራዶ ሸለቆ መመልከቻ አለ። ሴቶቹ በጠረጴዛ ላይ ብርና ፌሩዝ ደርድረው ይሸጣሉ። ከመካከላችን ሁለታችን የጆሮ ጌጥ ገዛን፤ አንዷ ሻጭ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን፤ ነገርናት። ከዚያ ገደሉ አፍ ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። ሸለቆው ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ነው፤ ወደ ታች ሲያዩ ጉልበት ይከዳል። ከሥር፣ በጣም ሩቅ፣ ቡናማ ክር ትታያለች። ያው ውሃ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት እኛ በተከለከልነው ገደል ላይ ወርዶ፣ መንገዱን ተከትሎ፣ እኛ እንድናይ በተፈቀደልን ቦታ እያለፈ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተስማማንባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከመነሳታችን በፊት የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እንጠይቃለን፤ የናቫሆ ከሆነ የናቫሆ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ምን እንደሚል እናያለን። ዝግ ከሆነ ዝግ ነው። ክፍት ከሆነ የሚከፈለውን እንከፍላለን፣ ከአካባቢው ሰው እንገዛለን። ፎቶ ብንለጥፍ የቦታውን ምልክት አንሰካበትም። ‹‹ማንም የማያውቀው›› የሚል ቃል ከጣታችን አይወጣም። አምስተኛውና ከባዱ፣ ከመካከላችን አንዱ ‹‹ማን ያየናል?›› ሲል ዝም አንልም። ያን ዕለት ከአራታችን አንዷ ብቻ ናት የተናገረችው፤ እሷንም ሦስት ሆነን ነው የጮህንባት።

ምናልባት አንድ ቀን ይከፍቱታል፤ ምናልባትም አይከፍቱትም። ባለቤቶቹ ያውቃሉ። እኛ የሚጠበቅብን ደጃፍ ላይ ቆመን አንድ ጊዜ ‹‹ቤቶች!›› ማለት ነው። ‹‹ግቡ›› ካላሉን ሻያችንን መኪናችን ውስጥ ጠጥተን መመለስ።